ቅሬታ የሌለባት ከተማ

በአሜሪካዋ ሜፕልተን አንድ ሰው ቅሬታ ካቀረበ፣ ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ከንቲባው እቤቱ ገብተው አብረውት ይኖራሉ። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ቅሬታ የሚባል ነገር ጠፍቶ ከተማዋ በመልካም አስተዳደር አንደኛ ወጥታለች።

ዛሬ ግን የዶሪን ባል ቨርኖን ደጃፋቸው ላይ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ።

«ቨርኖን፣ ለከንቲባው ልደውል እንዴ?»

«አብደሻል? ስለ መንገድ መብራቱ ደውለሽ፣ ከንቲባው ክረምቱን ሙሉ አልጋችን ላይ ሲያንኮራፉ እኔ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አልተኛሁም?»

«እግርህ እኮ ተሰብሯል!»

«እግር ይጠገናል! እሳቸውን ማን ያስወጣቸዋል?»

ወዲያው ከንቲባው ማንም ሳይጠራቸው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ። ዶሪን የበሩን ምንጣፍ ስባ ጉድጓዱ ላይ ዘረጋችው።

«የጎደለ ነገር አለ፣ እመቤቴ?» አሉ በተስፋ።

«ኧረ ምንም የለም፣ ክቡር ከንቲባ!»

«ባለቤትዎስ?»

«ደህና ነኝ!» አለ ምንጣፉ።