የቤተ ክርስቲያን በር ቀለም እና የሸጊቱ «አልቀባም!»

«አልቀባም ብያለሁ! ካልተስማማህ መኪናህን ይዘህ ሂድ!»

ደባርቅ ነው... ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች ትንሽ ጋራዥ ውስጥ።

ተናጋሪዋ ሸጊቱ ናት። መኪና ቀለም ቀቢ። ጋራዡን ተከራይታ ከከፈተች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው።

ፊቷ የቆመው ሰጠኝ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነው። ምዕመናን ጭኖ ደረስጌ ለማርያም ንግሥ ሊሄድ ተዘጋጅቷል።

መኪናውን አሳጥቧል፣ ባንዲራ ሰቅሏል... አሁን ደግሞ በጎማው መሃል የሚታየው የፍሬን ብረት ቀይ ይሁንልኝ አለ። ሲያምረው!

ችግሩ ይዞት የመጣው ቀለም ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲታደስ የተረፈ የዘይት ቀለም!

«በረከት ነው እኮ! ከየኔታ ለምኜ ያገኘሁት ነው።»

«ለበር ጥሩ ቀለም ነው። በር ግን አይግልም። ያንተ ፍሬን ግን ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ወዲያ ያንን ቁልቁለት ስትወርድ እንደ ምድጃ ነው የሚግለው። ቀለሙ ይጨሳል። ሰው እሳት ተነሳ ብሎ ከመኪና ቢዘልስ?»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ሙቀት የሚችል ቀለም አለኝ። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ ቅባቱን በቲነር አጥቤ፣ ዲስኩንና የፍሬኑን ሸራ ሸፍኜ... ስስ ስስ አድርጌ፣ እያደረቅኩ እደርባለሁ። መኪናው እኔ ጋ ያድራል።»

ሰጠኝ በገነ።

«አንቺ ብሎ በረከት መራጭ!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ።

«ሸጊቱ የማርያምን ቀለም ናቀች!» ተባለ። ቀጠሮ የያዙ ደንበኞች ቀሩ። አንዱማ ግማሹን የቀባችለትን መኪና አስወጣ።

አከራይዋ መጣና «ወይ ይቅርታ ጠይቂ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ» አላት።

ሸጊቱ አለቀሰች... ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። የምን ይቅርታ! ላልበደለችው?

በማግስቱ የኔታ መጡ።

መርጌታ ሀብተ ሚካኤል፤ ያንን ቀለም የሰጡት። ሰጠኝ ከኋላቸው፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከሰጠኝ ኋላ።

የኔታ ያንን ጋራዥ ረግጠውት አያውቁም። ሰው ሁሉ «አለቀላት!» አለ።

«ለሰጠኝ ያልሽውን እስቲ ለኔም ንገሪኝ።»

ከመጀመሪያው ደገመችው። አንዲት ቃል አልቀነሰችም።

ሰጠኝ ጣልቃ ገባ። «የኔታ፣ እኔ ትናንት ራሴ ቀብቼዋለሁ! ይኸው፣ ምን ሆነ?»

የኔታ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሾፌሩ ጎን ገብተው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ሊማሊሞን ትንሽ ወርደን እንመለስ።»

ሄዱ...

ሰው ተሰብስቦ ጠበቀ።

ሲመለሱ ከመኪናው ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው! ከጎማው መሃል አሁንም ጭስ ይወጣል። ያ የሚያምር ቀይ ቀለም አረፋ ደፍቆ፣ ጠቁሮ ተልጧል።

ሰጠኝ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «በቁልቁለቱ ሰው ጭኜ ቢሆን ኖሮ...» አለ።

የኔታ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«በረከት ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፍሬን ቅባበት ግን አላልኩም። ማርያም ሰው እንድትጠብቅ የምንለምናት እኛው ለአደጋ ልንዳርገው ነው?»



«አባዬ...» አለች ሸጊቱ።

አዎ! ያልነገርኳችሁ ይሄንን ነው። የኔታ አባቷ ናቸው!

«የመርጌታ ልጅ ከመኪና ስር?» ብለው፣ ጋራዥ ከከፈተች ወዲህ ደጇን ያልረገጡ አባቷ።

ያንን ቀለምና ግራሶ የጠገበ እጇን ያዙት። በሰው ሁሉ ፊት!

«እስከ ዛሬ ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ወሬ እቀይር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጠይቁኝ። የሰው ነፍስ ትጠብቃለች እላችኋለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። እሰይ የኔ ደባርቅ!

ሰጠኝ ቁልፉን አስረከባት። የተቃጠለውን ፍቃ፣ አጽድታ፣ በራሷ ቀለም ቀባችለት። ደረስጌ ደርሶ ሲመለስ ቀለሙ እንደ አዲስ ነበር። የኔታም የሄዱት በሱው መኪና ነው።

ወዳጆቼ፣ ደንበኛን ላለማስቀየም ብሎ እሺ ማለት ቀላል ነው። ለሰው ሕይወት ብሎ እምቢ ማለት ግን ሙያ ነው። ወላጆችም በልጃችሁ ሥራ ከማፈራችሁ በፊት፣ እባካችሁ ሄዳችሁ ሥራዋን እዩት።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... ሥራችሁን ያልወደደላችሁ ሰው አንድ ቀን በሰው ፊት ኮርቶባችሁ ያውቃል? ምን ብሎ?