በሩ ክፍት ነው

ሺገሩ ቁማር ቤት ዳግመኛ እንደማይረግጥ ለሚስቱ ለኪኑኤ ምሎ፣ ኦሳካ ውስጥ ከተዘጋ አንድ ቁማር ቤት የወጣ አሮጌ የቁማር ማሽን ገዝቶ ሳሎን ውስጥ አቆመ። እሁድ ጠዋት ሊያስነሳው ቢሞክር እምቢ አለው። የማሽኑን በር ጥርቅም አድርጎ ቢዘጋም፣ የማሽኑ መስኮት ላይ «በሩ ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

«ኤጭ! ምን ዓይነት ግማት ነው? አውጥተህ ጣልልኝ!» አለች ኪኑኤ አፍንጫዋን ይዛ።

ለሸጠለት ሰው ደወለ።

«ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱት። ከውስጥ በስተግራ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን በጣትዎ ተጭነው ይያዙ። እሷ ስትጫን ማሽኑ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል።»

ሺገሩ እጁን ሰደደ። የሲጋራ ዝፍት ከፀጉር ጋር ተላቁጦ መዳፉን ለቀለቀው። ገፋ ሲያደርግ ለብ ያለ፣ እርጥብና ልስልስ ነገር ነካ። እጁን መንጭቆ አወጣና በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

ይሄኔ ማሽኑ ዘፈኑን ለቀቀው። በሩ ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው።

«ጎበዝ ጋሼ! እንዳይለቋት» አለ ሰውዬው በስልክ።

«ኧረ እኔ አልያዝኳትም!»

ኪኑኤ ባትሪ አብርታ ጎንበስ አለች። ቁልፏን የተጫናት አውራ ጣት ነበር፤ በዝፍት የጠቆረ፣ ጥፍሩ የረዘመ። ብርሃኑ ሲያርፍበት ቁልፏን ለቀቃት፤ ዘፈኑም ቆመ።

ከዚያ መልሶ ተጫናት።