ያልተበሳው ግድግዳ

ጀልባ ጠጋኙ፣ ሴት ልጁ ጠባቧን የካያክ ጀልባዋን እየቀዘፈች ወደ ሐይቁ መሃል ስትርቅ እያየ እጁን ኪሱ ቢከት፣ የመሰርሰሪያው ቀጭን ፑንታ ጣቱን ወጋው። አውጥቶ ሲያየው ክው አለ። ካያኳ የተሠራችበት የፋይበርግላስ ብናኝ እንኳ አልነካውም።

ሁለቱን ውሃ የማያስገቡ ግድግዳዎች በካያኳ ሆድ ውስጥ ያጣበቀላት ራሱ ነበር። ውሃ ሞልቶ ሲፈትናቸው ጠብ አላለም። «አባዬ፣ እጅህ ይባረክ!» ስትለው ግን ደስታው አዘናጋውና የመጨረሻዋን ሥራ ረሳት፤ በየግድግዳው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተንፈሻ መብሳት። ያለ እሷ የታፈነው አየር በሙቀት ያብጥና ግድግዳውን ይገነጥለዋል፤ ያኔ ካያኳ ብትገለበጥ ውሃ ሞልቷት ትሰምጣለች። ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳ ነበር።

እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ «ተመለሺ!» እያለ እጆቹን አወናጨፈ። ነፋሱ ድምፁን መለሰበት። ልጁ ዞር ብላ አየችው፤ መቅዘፊያዋን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችለት፤ ከዚያም የሚያበረታታት መስሏት ይበልጥ ፈጠነች።