አፍልታችሁ ጠጡ

እትዬ ብልቃጥ ሁለት እጇን ዘርግታ መኪናው ፊት ቆመች። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ጣራው ላይ የታሰረውን ድምፅ ማጉያ ግን ማንም አላቆመውም፤ «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ! አፍልታችሁ ጠጡ!» እያለ ሰፈሩን ያደነቁራል።

«እትዬ ብልቃጥ! ምነው፣ ሞት አማረዎት እንዴ?» አለ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ከብልቃጥ ጋር ያረጀች ናትና ሁሉም የሚጠራት እንዲህ ነው።

«አጥፋው!»

ከጣራው የሚወጣው ድምፅ የራሷ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጎርፍ ጀርም ይዞ ገብቶ ከተማው በሙሉ ሆዱን ሲያመው፣ «ጥሩ ድምፅ ያላት እሷ ናት» ብለው ከላቦራቶሪ ጎትተው አስቀረጿት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅጂ ያዘጋጀ ሰው የለም። ቧንቧ ቢሰበር እሷ፣ ውሃው ቢደፈርስ እሷ። ጽሕፈት ቤቱን ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም አንድ ኪኒን የሚያዝ ሰነፍ ሐኪም በሉት።

የዘንድሮው ግን ጀርም አይደለም። ከላይ ካሉት እርሻዎች ዝናብ ያጠበው ማዳበሪያ ነው የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ የገባው። ትናንት ጠዋት «ብክለት አለ፤ ዝርዝሩ ይከተላል» ብላ አንድ መስመር ጽፋ ላከች። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ዝርዝሩን መች ጠብቆ! ወዲያው መኪናውን አስወጣ። እሷ ያን ሁሉ ሰዓት ምድር ቤት ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀብራ ምንም አልሰማችም። አሁን ውጤቱን ይዛ ብቅ ስትል የገዛ ድምፅዋ ከመንገድ ተቀበላት፤ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሮጠች።

«ማዳበሪያ ሲፈላ አይሞትም» አለችው፤ ድምፅዋ ከድካሙ ብዛት ሻክሯል። «ውሃው ይተናል፣ እሱ እዚያው ይቀራል። ባፈሉት ቁጥር ይብሳል እንጂ አይሻልም። እኔና አንተ እንችለው ይሆናል። ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል።»

ሾፌሩ ራሱን አከከ። «እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ? ብልቃጡ የእርስዎ፣ መሪው የእኔ። ያለ ደብዳቤ አጥፍቼ ነገ ማን ሊጠየቅ ነው? ለኃላፊው ይደውሉለት።»

ኃላፊው በአራተኛው ጥሪ አነሳ። «ስብሰባ ላይ ነኝ። ትናንት አፍሉ ብለን ዛሬ አታፍሉ ብንል ሰው ምን ይለናል? ነገ ጠዋት እናስተካክለዋለን» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ነገ ጠዋት! ደከማት። የምር ደከማት፤ እዚያው አስፋልቱ ላይ ዘርፈጥ ብትል ደስ ባላት።

ከማዶ፣ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ፣ በሌላው እጇ ጡጦ ይዛ፣ ከበሩ ላይ ግርግሩን ታያለች። ጡጦው ሙሉ ነው። እትዬ ብልቃጥ ተሻገረች።

«ልጄ፣ እሱን እንዳትሰጪው።»

«ኧረ ፈልቷል!»

«ቢፈላም። ውሃው ራሱ ነው መጥፎው። የታሸገ ግዢለት።»

እናትየው ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ የተጨማደደ ነጭ ጋዋን፣ ነጠላ ጫማ፣ የቀላ ዓይን። «እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት? ሴትየዋ አፍሉ እያለች አይሰሙም?»

«ሴትየዋ እኔ ነኝ።»

እናትየው ሳቀች። «እሷማ ድምፅዋ ማር ነው።»

እትዬ ብልቃጥ ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ከጣራው ላይ ከሚመጣው ድምፅ ጋር እኩል፣ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ እንኳ ሳይቀር፣ «ሕፃናት ያሏችሁ እናቶች ደግሞ ደጋግማችሁ አፍሉ» አለች። ያኔ ስትቀረጽ አንጀቷ አልችል ብሎ ከተሰጣት ወረቀት ውጪ ከራሷ የጨመረችው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

የእናትየው ሳቅ ፊቷ ላይ ቀረ።

«ደጋግማችሁ ስላሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከትናንት ጀምሮ ሁለቴ ሁለቴ እያፈላሁ ነው የምሰጠው። ዛሬ እንቅልፍ አበዛብኝ። ጡጦውንም እምቢ እያለ ነው።»

እትዬ ብልቃጥ የሕፃኑን እጅ አንስታ ጥፍሮቹን ወደ ፀሐይ አዞረች። ከዚያ ከንፈሩን አየች። ብርድ የመታው ይመስል ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል።

«ወይኔ ጉዴ! ነይ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ! ሆስፒታል!»

ሾፌሩ ደብዳቤ አልጠየቀም። ሁሉም ከፊት ተጠጋግተው ተቀመጡና መኪናው ከነፈ። ከራሳቸው በላይ ያ ማር ድምፅ አሁንም በየደጃፉ አፍሉ፣ ደጋግማችሁ አፍሉ እያለ ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሾፌሩ «ኧረ በቃሽ!» ብሎ የማጫወቻውን ሽቦ ነቀለው። ያኔ የሕፃኑ ትንፋሽ ተሰማ፤ አጭርና ፈጣን።

«ማይኩ ይሠራል» አለ ሾፌሩ፣ ሳያያት።

እትዬ ብልቃጥ ማይኩን አፏ ላይ አስጠጋች። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች…» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ውሃውን ለሕፃን አትስጡ። ቢፈላም አትስጡ። አፍሉ ያልኳችሁ እኔው ነኝ። ስሕተት ነው።»

በየበሩ የቆሙት ሰዎች ግራ ተጋብተው አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ ጀበናዋን እንደያዘች ወደ ጎረቤቷ ዞረች፤ ምን አለች ማለቷ ነው።

እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ እትዬ ብልቃጥን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ጮክ ይበሉ» አለቻት።