ደረቁ ካፖርት

ሎሬታና ባሏ ዌንደል ከአሪዞና ወደ ኦሪገን ጠረፍ ከመጡ ወዲህ ዝናቡ አላባራም፤ ግንቦት ገብቶም የአገሩ ብርድ አልወጣም። አንድ ጠዋት ዌንደል ከጓሮ ማገዶ ሊያመጣ ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰና ምድጃው አጠገብ ቆመ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፤ ካፖርቱን ግን ጠብታ አልነካውም።

«አንተ፣ በየት በኩል ብታልፍ ነው ያልረጠብከው?» ብላ ሳቀችበት።

እጅጌውን ዳበሰ። «መርጠብ ነበረብኝ ለካ» አለ ቀስ ብሎ። በሩ ሥር የተደገፈውን መጥረቢያ አንስቶ ወጣ።

ከጓሮ የዌንደል ድምፅ ጮኸ፤ «ሎሬታ፣ በሩን ቆልፊ!»

መጥረቢያው ደጋግሞ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ሰማች። ጩኸቱ ተቋረጠ። ቁልፉ ጋ ሳትደርስ በሩ ተከፈተ። ትከሻው ላይ የተሰነጠቀ ካፖርት ለብሷል፤ ውሃና ደም ይንጠባጠባል።

«አሁንስ?» አላት።