የጋሽ ንጋቱ ቦክሲ

«ያላ፣ ርገጪው!» አለ ከቢር፣ ራሱን ከተከፈተው ኮፈን ሥር ሳያወጣ።

ዘምዘም ነዳጅ መስጫውን ረገጠች። በእርጋታ ሲሠራ የነበረው ሞተር አንገራገረ፣ እንደ ሰው ሳል ሳል አለው፣ ሊጠፋም ደረሰ። እግሯን ስታነሳለት ምንም እንዳላገኘው ወደ ቀድሞ እርጋታው ተመለሰ።

እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አልፈለገችም ነበር። ከካርቱሙ ሳጃና ገበያ ወደ ቤቷ ስታልፍ ነው መካኒኩ ከቢር በፈረሰው አጥር አሻግሮ ያያትና ነዳጅ እንድትረግጥለት የጠራት። የግቢዋ ባለቤት እትዬ እፀገነት «በሟች ባሌ ወንበር ላይ አልቀመጥም» ብለውት ቸግሮታል። ዘምዘም እሳቸውን በሩ ላይ ስታይ ዞራ መሄድ አቃታት። ሰላም ተባባሉ፤ እጅ ግን አልተጨባበጡም።

እትዬ እፀገነት ከስደት ሲመለሱ ከግቢው ሳትዘረፍ የቀረችው ይህች ቦክሲ ብቻ ነች፤ ኋላዋ ክፍት የሆነ አሮጌ የጭነት መኪና። ዘራፊዎቹ አስነስተዋት፣ ከበሩ ሳትወጣ አንገራግራ ስላስቸገረቻቸው ጥለዋት ሄደዋል። አሁን እትዬ እፀገነት ሊሸጧት ነው።

ዘምዘም መኪናዋን ታውቃታለች። ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር፣ ከአገሯ ልጅ ከሁስና ጋር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። አሠሪዎቹ ሲሸሹ ሁለቱን ትተዋቸው ሄዱ። ዘምዘም ለእትዬ እፀገነት ባል፣ ለጋሽ ንጋቱ ደወለች። «መጣሁ ልጄ፣ ልብሳችሁን ይዛችሁ በሩ ጋ ጠብቁኝ» አሏት። ጠበቁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ራሳቸው ደወሉ።

«ቦክሲዋ እንቢ አለችኝ። ከመንገድ መለሰችኝ፣ እየፈታሁ ነው...»

ከድምፃቸው ኋላ ግን ሞተሩ ይሰማት ነበር። ሳይዛነፍ፣ ሳይቆራረጥ ይሠራል። ዘምዘም ያን ጊዜ አንቱታውን ረሳችው። «አንተ ውሸታም! ስትሠራ እየሰማኋት?» ብላ ዘጋችባቸው። ከዚያ በኋላ ሲደውሉ አላነሳችም። ሲነጋ ከሁስና ጋር በእግራቸው ወጡ። ከከተማዋ መውጫ፣ ሶባ ሳይደርሱ ተባራሪ ጥይት ሁስናን መትቶ ገደላት።

ተፈናቃዮች ወደተጠለሉባት ገዳሪፍ ከተማ ስትደርስ ላገኘችው ሐበሻ ሁሉ ተናገረች፤ ንጋቱ ነፍሱን ወዶ ሁስናን አስበላት አለች። ሰውም አመናት። አንድ ቀን ገበያ መሀል ጋሽ ንጋቱ «ልጄ» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉላት፣ ሰው እያየ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ባለፈው ክረምት እዚያው ገዳሪፍ ታመው ሞቱ።

«ካርቡራተሩ እንደ ብርጭቆ ንጹሕ ነው፣» አለ ከቢር። ካርቱም ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛውን እየፈለገ ነው የሚናገረው። «ስንቴ ፈትተውታል፣ ኻልቲ?»

«ስንቴ ብዬ ልቁጠርልህ?» አሉ እትዬ እፀገነት። «ንጋቱ ቤንዚኑ ነው ይል ነበር። ያን ሰሞን ውሃ የገባበት ነበር የሚሸጠው።»

«ቤንዚን አይደለም። እሳቱ ነው የሚቆረጠው።»

ሞተሩን አስጠፋትና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ከፈተ። ከውስጡ ያለችውን ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ጫፍ ይዞ ሳብ አደረጋት። ሽቦዋ እንደ ላስቲክ ተለጠጠች።

«አገኘሁሽ! ነዪ፣ እዪ። ላስቲኳ ደህና ነው፣ ውስጧ መዳቡ ተበጥሷል። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ጫፍና ጫፉ ይነካካል። ነዳጅ ስትሰጫት ግን ይቺ ሳህን ትዞርና ሽቦዋን ትስባታለች። ኸላስ፣ እሳት የለም።»

ዘምዘም ከወንበሩ አልተነሳችም።

«ቆማ... ቆማ ግን ደህና ነው የምትሠራው?»

«ቆማማ ምን ትሆናለች! ድምፅዋን ብትሰሚ ምንም የላትም ነው የምትዪው። መካኒክም ታታልላለች።»

እትዬ እፀገነት የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉ ቆዩ።

«በነጋታው በእግሩ ሄደ፣» አሉ።

«የት?»

«ሪያድ ነዋ! አትሂድ ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ነበር። በሩ ክፍት ነበር አለኝ። ከክፍል ክፍል እየገባ ስማችሁን ቢጠራ ማንም የለም። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ከገላው ተጣብቆ ነበር።»

«አልነገሩኝም እኮ፣» አለች ዘምዘም።

«ስልክ አታነሺ፣ በምን ይንገርሽ? ገበያው ላይ ሊነግርሽ ነበር።»

ከቢር የሁለቱ ነገር አልገባውም። አዲስ ሽቦ ቆርጦ አሰረ፣ ክዳኑን መለሰ፣ በእጁ ምልክት ሰጣት። ዘምዘም አስነስታ ረገጠች። ሞተሩ ሳያንገራግር፣ ሳይስል ወጣ፤ ግቢውን ሞላው።

«ተማም! በቃ፣ በቃ!» ከቢር እጁን አወናጨፈ። እሷ ግን እግሯን ማንሳት አልቻለችም። ሞተሩ ጮኸ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ በጩኸቱ ውስጥ የምትለውን ማንም አልሰማም።

እትዬ እፀገነት በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ቁልፉን አዞሩት። ጸጥ አለ።

«እትዬ፣» አለች ዘምዘም ቀና ብላ ሳታያቸው፣ «አፉ በሉኝ።»

«እኔ?» አሉ እትዬ እፀገነት። ተቆጥተው አልነበረም። ቁልፉን ነቅለው ወደ ቤት ገቡ።

መሪው ላይ፣ ጋሽ ንጋቱ ይይዙበት የነበረው ቦታ ጥቁሩ ተልጦ ነጥቷል። ዘምዘም እጆቿን ከዚያ ላይ አነሳች።