የአባቴ ባንዲራ

በአባቴ ሙት ዓመት ጠዋት ባንዲራውን ደጃፌ ላይ ሰቀልኩት። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ የድሮ የጦር ባንዲራ ሁሉ አፍ አውጥቷል፤ ከተሰቀለ፣ ይዘውት የዘመቱ ሰዎች የገደሏቸውን ሁሉ በየስማቸው እየጠራ ይውላል። ልጄ "እማዬ፣ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ" ብትለኝም እንቢ አልኩ። አባቴ በወንዙ ጦርነት የተዋጋበት ነው፤ የኛ ቅርስ ነው፤ ለምን ይደበቃል?

ሃያ ስም እንኳ ሳይጠራ ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። በዚያ ጦርነት ወንድማቸውን የገደሉት የአባቴ ጓዶች ናቸው።

"አውርጂው ሊሉኝ ከሆነ አይድከሙ፣ አላወርድም" አልኳቸው።

"አንቺን ደግሞ ማን ይችልሻል፣ ትርንጎ! ይልቅ የሺጥላ ተጠራ?"

"ኧረ አልሰማሁም።"

"እንግዲያው ዝም በይ። እናታችን ካለፈች ወዲህ ስሙን የሚጠራልኝ ሰው የለም።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወጡ እሳት ላይ ሲያር እየሸተተኝ እንኳ አልተነሳሁም። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ባንዲራው "የሺጥላ ደምሴ" አለ።

"አቤት!" አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ልክ ከጓዳ እንደተጠራ ሰው። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ባንዲራውን ላወርድ ብድግ ስል ቀሚሴን ያዙኝ።

"ተይው። የቀሩትም ይጠሩ እንጂ።"

ባንዲራው ቀጠለ። "መንበሩ ካሳ።"

መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየሁ፤ ለእሱ የመጣ ማንም የለም። እትዬ ደብሪቱ ቀና ብለው አዩኝ።

"አቤት" አልኩ።